ሃያ ሁለት ጊዜ «ደርሶናል» ስለተባለች ተጠባባቂ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ቃል እንዲነሳ ለሃያ ሦስተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት ሠራተኞች ሁሉ የጤናና የሰላም ምኞቴን በትሕትና አቀርባለሁ። ፈጣሪ ወገብዎን ያጽናልዎ፤ ያን ሁሉ ሰዓት መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይንዎንም ይጠብቅልዎ፤ ያን ሁሉ ወረቀት ሳያነቡ ማሳለፍም የራሱ ድካም ሳይኖረው አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የደረሱዎት ሃያ ሁለት ደብዳቤዎች አንዳቸውም ስላልተመለሱ፣ ምናልባት ያስቸገረዎት ፖስታው ይሆናል ብዬ ነው ሳላሽግ የላክሁት። መቼም የታሸገ ነገር መክፈት ሙያ ይጠይቃል። ይህን የምለው ሙያው ስላለኝ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የኋላ በር አጠገብ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ የምቀርጽ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሃያ ሁለቱን ደብዳቤዎች የጻፈችው ግን ባለቤቴ ናት። በእርስዎ መሥሪያ ቤት፣ በሂሳብ ትምህርት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግላ፣ ከሁለት ወር ከአሥር ቀን በፊት ዐርፋለች።

መጀመሪያ ታይፒስት፣ ቀጥሎ ጸሐፊ፣ ከዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ክፍሉ «ተጠባባቂ አስተዳዳሪ» ነበረች። የቀድሞው አስተዳዳሪ ሲዛወሩ «ቋሚ ሰው እስኪመደብ ድረስ፣ ለጊዜው» የሚል ወረቀት ሰጣችኋት፤ ያ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። በዚህ መካከል ስድስት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች መጥተው ሄዱ። ስድስቱም የሂሳብ ሊቃውንት ነበሩ፤ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት የሚቆጥር ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። ተማሪዎቹ የማትረሳው ነገር ስለሌለ «እትዬ መዝገብ» ይሏት ነበር። ሂሳብ ተምራ አታውቅም፤ ፈተናዎቹን ስትተይብ ግን ለምልክቶቹ የራሷን ስም አውጥታላቸው ነበር፤ አንዷን «የዓሣ መንጠቆ»፣ አንዷን «ጣሪያዋ የተገነጠለ ቤት» ትላቸዋለች። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር የፈተና ወረቀት ይዘው ሲመጡ «ዶክተር፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መንጠቆዎ የለም» ብላ መለሰችባቸው አሉ። ሰውዬው ተቆጥተው ሄደው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መንጠቆውን ይዘው ተመለሱ።

የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። ገና በሚሰጠኝ የአገልግሎት ምስክር ወረቀቷ ላይ «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ተነስቶ «አስተዳዳሪ» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍልኝ ነው። የሚያስወጣችሁ ነገር የለም፤ እንዲያውም ቀለም ይቆጥባል። እኔም ብሆን ለራሴ አልቸኮልሁም፤ ድንጋይ ጠራቢው ነው የሚጠብቀኝ። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ስሟንና ዓመቱን ጽፎ ጨርሷል፤ ከስሟ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቶ፣ ባገኘኝ ቁጥር «ሥራቸውን ምን ብዬ ልጥረብ?» ይለኛል። «ተጠባባቂ» ብዬ ላስጠርብ ብል አንጀቴ እንቢ አለኝ። «አስተዳዳሪ» ብዬ ላስጠርብ ብል ደግሞ ወረቀታችሁ እንዲያ አይልም፤ በመቃብር ላይ ሐሰት ለማስጻፍ ፈጣሪን እፈራለሁ። ስለዚህ ድንጋዩ ባዶ መስመሩን ይዞ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት እስካሁን ስለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋና ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

1ኛ፤ ስለ ሐዘን መግለጫው። በቀብሯ ማግስት በመልእክተኛ የደረሰኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ አነባበቤ ቀስ ያለ ስለሆነ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ደብዳቤው እጅግ ያማረ ነው። ማማሩ አልገረመኝም፤ የጻፈችው ባለቤቴ ናትና። ከዓመታት በፊት አንድ መምህር ሞተው ለቤተሰባቸው የሚላክ ደብዳቤ ሲቸግራችሁ፣ ቤት ይዛው መጥታ «መሪር ሐዘን ይሻላል ወይስ ጥልቅ ሐዘን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ሐዘን ያው ሐዘን ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» አልኋት። «ላንተስ ቁልፍ ሁሉ አንድ ነው?» አለችኝና «ጥልቅ» የሚለውን መረጠች። ከዚያ ወዲህ ለሞተ ሁሉ የሚላከው እሱ ነው፤ ነጠብጣቡ ላይ ስም ይሞላበታል። ለእኔም የመጣው እሱው ነው፤ ስሟ በነጠብጣቡ ላይ በእስክሪብቶ ተሞልቶ። ከግርጌው፣ ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሠራተኛ በሁለት ፊደል በሚታወቅበት ቦታ፣ የእርሷ ሁለት ፊደላት እንዳሉ ናቸው። ለባሏ የሚላከውን ሐዘን ሞታም ቢሆን ራሷ እንድታዘጋጀው ስላደረጋችሁ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ይህን ያህል ባላጽናናኝ ነበር። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ በንጉሡ «ሠ» የሚጻፈውን ስሟን በእሳቱ «ሰ» ሞልታችሁታል። ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእርሷ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ግን ወረድ ብዬ እገልጻለሁ።

2ኛ፤ ስለ ትዕግሥታችሁ። ከቀብሩ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በዋናው ሕንፃ መግቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ በስሟ ማስታወቂያ አወጣችሁ። «ያለ ፈቃድና ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታዎ ላይ የቀሩ ስለሆነ፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርበው ካላስረዱ አስፈላጊው እርምጃ የሚወሰድብዎ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። በአንድ ክንድ ርቀት፣ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ የሞቷ ማስታወቂያ ከነፎቶዋ ተለጥፏል። የሁለቱም ማኅተም አንድ ነው። ይህን የነገረኝ የበሩ ጥበቃ ነው፤ ሱቄ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ እንጂ፣ እትዬን እየፈለጓቸው ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ለአንድ አፍታ ልቤ ዘለለ፤ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ አይቷት ይሆን እንዴ ብዬ። ሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ቂል ነው። ሄጄ ባየው፣ ከማስታወቂያው ሥር አንድ ተማሪ በእርሳስ «በቂ ምክንያት አላቸው» ብሎ ጽፎበታል። ትወስዱት ስለነበረው እርምጃ ደግሞ፣ ከእናንተ በላይ ያለው አካል አስቀድሞ ስለወሰደው ድካሙ ቀርቶላችኋል። እኔም ይግባኝ አላልሁም።

3ኛ፤ ስለ ክሊራንስ። የአገልግሎት ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው በሟች እጅ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አለመኖሩን አሥራ አራት ክፍሎች ሲፈርሙበት መሆኑ ተነግሮኝ ፎርሙን ተቀበልሁ። የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው፣ ባለቤቴ ተውሳ ያልመለሰችው ኳስ አለመኖሩን ለማረጋገጥ መዝገቡን ሃያ ደቂቃ አገላብጦ ነው የፈረመልኝ፤ ጥንቃቄው ደስ ይላል። አሥራ ሦስቱን በዘጠኝ ቀን ጨረስሁ። የቀረችኝ ዘጠነኛዋ መስመር ነበረች፤ «የትምህርት ክፍሉ አስተዳዳሪ» ትላለች። በእርስዎ ቢሮ ያለችው ልጅ ፎርሙን አይታ «አባባ፣ ዘጠነኛዋ ካልተፈረመች እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አለችኝ። «ልጄ፣ ዘጠነኛዋ እኮ ሟቿ ራሷ ናት» አልኋት። ፎርሙን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋ አየችውና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «እንግዲያው እሳቸው ይፈርሙ» አለችኝ። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። አልተቀየምኋትም፤ ቀኑን ሙሉ ፎርም የሚያይ ሰው ለሰው የሚተርፍ ዓይን ከየት ያመጣል?

ያችን ዘጠነኛ መስመር ያስገባችው ባለቤቴ ናት። ንብረት ለመቆጣጠር አልነበረም። አንድ ተማሪ ስሙ ተሳስቶ በታተመ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሥራ አጥቶ፣ ሊያስተካክል ሲመላለስ አይታ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ልጅ በጠረጴዛዋ ሳያልፍ እንዳይወጣ ብላ ነው። አንድ በአንድ አስቁማ «ስምህ በየትኛው ሀ ነው? በሀሌታው ነው በሐመሩ?» ትላቸዋለች። «እትዬ፣ ያው አይደል እንዴ?» ሲሏት «እናትህ አንተንና የጎረቤቱን ልጅ ያው ነው ትላለች?» ብላ ታሳፍራቸዋለች። እንግዲህ የሺህ ልጆችን «ሀ» እና «ሠ» ስትጠብቅ ኖራ፣ የራሷን አንድ ፊደል የሚጠብቅላት ሳታገኝ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቦታዋ አንዲት ወጣት ሴት በተጠባባቂነት ተመደበች። ልጅቱ ዕንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ዘጠነኛዋን ፈረመችልኝ። እንደ ልጅ እየሮጥሁ ወደ ቢሮዎ ወሰድሁት። «አባባ፣ ተጠባባቂ ብለው ነው የፈረሙት፤ የተጠባባቂ ፊርማ ለክሊራንስ አይሆንም፤ መመሪያ ነው» ተባልሁ። መመሪያ ከሆነማ ምን ይባላል። ብቻ ሥራዬ ሆኖ ቀዳዳ ማየት ስለለመድሁ፣ የተጠባባቂ ፊርማ የማይሆን ከሆነ በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ከሂሳብ ትምህርት ክፍል የተመረቁት ሁሉ ገና እንዳልወጡ ልብ ይበሉልኝ። አንዳንዶቹ ዛሬ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። አንደኛው እንዲያውም የእናንተው ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። ከነሽበታቸው ተጠርተው የማደሪያ ክፍል ሊሰጣቸው ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ሦስተኛዋ መሳቢያ። ይህ ትንሽ ይረዝምብዎታል፤ ዓይንዎን ያሳርፉና ይመለሱበት።

ባለቤቴ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ መናገር እየደከማት፣ «የጠረጴዛዬን ሦስተኛ መሳቢያ አንተው ክፈታት፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍታት» አለችኝ። «ምን አለባት?» ብላት «ወረቀት ነው» ብላ ፈገግ አለች። ሌላ ያዘዘችኝ ነገር የለም። የዚያች መሳቢያ መቆለፊያ ተበላሽቶ የጥገና ክፍላችሁ ሁለት ዓመት «እንመጣለን» ሲላት ስለቆየ፣ ነቅላ በቦርሳዋ ይዛልኝ መጥታ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ሁለት ቁልፍ ቀረጽሁለት። አንዱን ከቢሮዋ ቁልፎች ጋር አስረከብኋችሁ፤ እናንተም ጣላችሁት። ሁለተኛው ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ ነበር።

መሳቢያዋን ለመክፈት ፈቃድ ጠየቅሁ። «ማመልከቻዎ ታይቶ» ተባልሁ። ቁልፉን በኪሴ ይዤ ከቢሮዋ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ሳምንት ተመላለስሁ። በሩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነበር፤ መሳቢያዋ ከተቀመጥሁበት ትታየኛለች። ቢሮው ባዶ ሲሆን ተነስቼ ብከፍታት የሚያየኝ እንኳ አልነበረም። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቁልፍ ስቀርጽ፣ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የምጸልየው አንድ ጸሎት ያልተፈቀደልኝን እንዳልከፍት ነው። ያንን ጸሎት በሚስቴ መሳቢያ ላይ ማፍረስ ከበደኝ። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከከፈትኋት የምጠብቀው ነገር ያልቅብኛል ብዬም ፈርቼ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። «ቁልፍ የሚሠሩት ሰውዬ ነዎት? ቁልፉ የጠፋ አንድ መሳቢያ አለ፤ መሣሪያዎን ይዘው ይምጡ» አለኝ ከንብረት ክፍላችሁ የደወለው ሰው። የቢሮውን ቁጥር ሲነግረኝ የእርሷ ነው። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለ ቀልድ እኔ ልፈጥር አልችልም። ጫማ ጠጋኙ «ምን ነካህ አንተ ሰው?» እስኪለኝ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። የበሩ ጥበቃ መሣሪያ ይዤ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ በምን መጡ?» አለኝ። «በሙያዬ» አልሁት።

አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ጠበቀኝ። አምስት ሳምንት በፊቴ ሲመላለሱ የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ባለጉዳይ ፊት የለውም መሰለኝ፣ አንዳቸውም አላወቁኝም። መሣሪያዬን መሬት አስቀምጬ፣ ከኪሴ ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኋት። ሰብሳቢው «አባት፣ እጅዎ ወርቅ ነው! እንዴት በአንዴ?» አሉኝ። «መሳቢያዋን አውቃታለሁ» አልሁ። አልዋሸሁም፤ ባሏ ነኝ ብዬም አልተናገርሁም። ያ ዝምታዬ ኃጢአት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር እየተሟገትሁ ነው።

በቃለ ጉባኤው የተመዘገበው አንድ እግሩ በክር የታሰረ የንባብ መነጽር፣ አንዲት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍና ግማሹ ያለቀ የእጅ ቅባት ነው። እነዚህ «ወራሽ ክሊራንሱን ሲያጠናቅቅ የሚረከባቸው» ተብለው ታሸጉ። ከሥራቸው አንድ ወፍራም ክላሰር ነበረ። ሰብሳቢው ሁለት ሦስት ገጽ ገልጠው «ግልባጭ ነው፣ ለምንም አይሆንም» አሉና ወደ እኔ ዘረጉት፤ «አባት፣ በመውጫዎ ገንዳው ውስጥ ይጣሉልን» አሉኝ።

እነሆ፣ መነጽሯን ለማግኘት አሥራ አራት ፊርማ የተጠየቅሁ ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመቷን ያለ አንድ ፊርማ ተረከብሁ። ለዚህ ቸርነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ገንዳውን አልፌው ስሄድ ዞር ብዬም አላየሁት።

5ኛ፤ ስለ ክላሰሩ። በውስጡ ሃያ ሁለት ማመልከቻዎች አሉ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ። ጉዳያቸው ሁሉ «ተጠባባቂ የሚለው ቃል እንዲነሳልኝ ስለማመልከት» ነው። በእያንዳንዱ ጥግ የመዝገብ ቤታችሁ ሰማያዊ ማኅተም አለ፤ «ደርሶናል» ይላል፣ ከነቀኑ። የመጀመሪያው ሁለት ገጽ ነው፤ ተስፋ ያለው ሰው ብዙ ይጽፋል። በሰባተኛው ላይ «ሌላ ጥያቄ የለኝም፤ ስልክ ሳነሳ ማን ልበል ብዬ እንዳላመነታ ነው» ትላለች። በአሥራ አራተኛው ላይ «ለጊዜው የተባለው ጊዜ ስንት ዓመት እንደሆነ ቢገለጽልኝ» ትላለች። ከአሥራ ስምንተኛው ጀምሮ አንድ መስመር ብቻ ናቸው፤ «እባክዎ ያለፈውን ዓመት ማመልከቻዬን ይመልከቱ»። ሃያ ሁለተኛው ሃያ አንደኛውን፣ ሃያ አንደኛው ሃያኛውን ይመልከቱ ይላል። እኔም እንደታዘዝሁት፣ ጣቴን በየመስመሩ ሥር እያስኬድሁ፣ ወደ ኋላ እያየሁ ሄጄ ሄጄ የመጀመሪያው ላይ ስደርስ ባለቤቴን የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ሆና አገኘኋት።

እዚህ ላይ ቆሜ እናንተን ብወቅስ ደስ ባለኝ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ መጀመሪያ፣ ሁለታችንም ከሥራ ገብተን እራት ሳይቀርብ፣ አንድ ወረቀት ታቀብለኝ ነበር። «እስቲ እይልኝ፣ ቃሉ ከረረ እንዴ?» ትለኛለች። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ወረቀቱን በጠርዙ እይዛለሁ፤ አንባቢ ሰው የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ አፍጥጬበት «ደህና ነው» ብዬ እመልስላታለሁ። አንብቤው አላውቅም። እርሷ ፊት ፊደል እየቆጠርሁ ማንበብ ያሳፍረኝ ነበር። የቢሮ ወረቀት ነው፣ ለእኔ ምን ይረባኛል እያልሁ ራሴን እሸነግላለሁ። ሃያ ሁለት ጊዜ፣ ክቡር ሆይ። እናንተ ማኅተማችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት፣ በየዓመቱ መጀመሪያ «ደርሶኛል» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ልዩነታችን የእናንተው ቀለም ያለው መሆኑ ነው።

ታውቅ ነበር ይሆን? መሳቢያዋን አንተው ክፈታት ያለችኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳነብላት ይሆን? ይህን በጸሎቴ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። የጸሎት መልስ ሲዘገይ ግን አልከፋም፤ የሚሰማኝ እንዳለ አውቃለሁና ከእናንተ መልስ ጋር አላወዳድረውም።

እንግዲህ ይህ ሃያ ሦስተኛው ማመልከቻ ነው። ሰላምታውንም፣ «በአክብሮት» የሚለውንም፣ ጉዳዩ ከላይ መሰመሩንም ከእርሷ ሃያ ሁለቱ ቀድቼ ነው የጻፍሁት፤ ያማረው ሁሉ የእርሷ ነው፣ የከረረው የእኔ። መልሱን በእኔ ስም አትጻፉት። በእርሷ ስም ይሁን፤ በንጉሡ «ሠ»። አንድ መስመር ይበቃል። አዎን ካላችሁ ድንጋይ ጠራቢው ግማሽ ቀን ሠርቶ ይጨርሳል። አይሆንም ካላችሁም ጻፉት፤ «አይሆንም» እንኳ ከ«ደርሶናል» ይሻላል፣ አንድ ሰው አንብቦታል ማለት ነው።

ድንጋዩ በዚህ ወር መጨረሻ ይተከላል። እስከዚያ መልሳችሁ ካልደረሰኝ፣ ጠራቢው በባዶው መስመር ላይ ነጠብጣብ እንዲያደርግበት እነግረዋለሁ። ነጠብጣብ መሙላት ታውቁበታላችሁ፤ በተመቻችሁ ጊዜ እስክሪብቶ ይዛችሁ ብቅ በሉ። በእኛ እምነት ሙታን ሁሉ ትንሣኤን ይጠብቃሉ፤ ያ ቃላችሁ ለባለቤቴ በእውነት የሠራው አሁን ነው። ተጠባባቂ መሆኗን በሃያ ሁለት ማኅተም አረጋግጣችሁላታል። እዚያ የምትጠብቀው ግን እናንተን አይደለም።

ወንበርዎን የማይነቃነቅ፣ ማኅተምዎን የማይደርቅ ያድርግልዎ እያልሁ፣ ከተረፈኝ ጥቂት ትዕግሥትና ካልተነካው አክብሮቴ ጋር፣

የሟቿ ባል፣
የመሳቢያችሁ ከፋች፣
ባለ አግዳሚ ወንበሩ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፤ «ደርሶናል» ለማለት እንዲያመች
ለስድስቱ የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፤ ለቆጠራ ልምምድ
ለሦስተኛዋ መሳቢያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በባለቤቴ ቦታ የተመደበችው ልጅ ትናንት ሱቄ መጥታ ለሦስተኛዋ መሳቢያ ቁልፍ አስቀርጻለች። የምደባ ወረቀቷንም አሳየችኝ፤ «ቋሚ ሰው እስኪመደብ ድረስ፣ ለጊዜው» ይላል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ቃል አንድ ፊደል ሳትለውጡ ስላቆያችሁት፣ ባለቤቴ በር ላይ የቆመች ያህል ተሰማኝ፤ አመሰግናለሁ። ቁልፉን አሳምሬ ቀረጽሁላት። የመጀመሪያ ማመልከቻዋን ስትጽፍ ለእናንተ ከማስገባቷ በፊት ለእኔ እንድታሳየኝ ነግሬያታለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን አነበዋለሁ።